የጠበቀ ሹሩባ

የሺመቤት የሙሽራ ልጇን የምንትዋብን ጸጉር ልትሠራ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ምንትዋብ በተወለደች ሰሞን የሰው ሁሉ ቆዳ በሕክምና ሕመም እንዳይሰማው ተደርጎ ስለነበር፣ ልጅቱ አንድም ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም። ባለፈው ፋሲካ እናቷ ሹሩባውን ስታጠብቅባትም ዝም ብላ ተሠራች፤ በሳምንቱ ግን ከግንባሯ ዳር ያለው ጸጉር ከነሥሩ ተነቀለ። ገና አሁን መብቀሉ ነው። ዳግም ከተነቀለ እሑድ በሻሽ ተሸፍና መዳሯ ነው።

ስለዚህ ሲጠብቅባት እንድትናገር፣ የሺመቤት ከጤና ጣቢያ ያመጣችውን ልጥፍ ማጅራቷ ላይ ለጠፈችላት። ልጥፉ በትንሽ ኤሌክትሪክ የራስ ቆዳን የሕመም ነርቮች ብቻ ይቀሰቅሳል።

የመጀመሪያውን ጉንጉን ሳብ ስታደርግ ምንትዋብ ዘላ ተነሣች።

«እማዬ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠበቀ ማለት ነው። ተቀመጪ።»

«ሰው ይሄን ሁሉ ችሎ ነው የሚዳረው?»

«እኔ የት ችዬ! አያትሽ በማበጠሪያው ጀርባ እየኮረኮመችኝ ነው እንጂ።»

ምንትዋብ ሳቀች፤ እየሳቀችም እንባዋ ወረደ። የሺመቤት ጉንጉኑን አላላችና፣ ሳታስበው ጎንበስ ብላ የቀላውን ቦታ እፍ አለችበት። ይህን ያህል ዘመን ስታሳድጋት እፍ ብላላት አታውቅም ነበር።

ሹሩባው ሳይጠብቅ፣ አምሮ አለቀ። እናት ልጥፉን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ምንትዋብ ማጅራቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ትንሽ ቆዪ እማዬ» አለች፣ በሌላ እጇ የግንባሯን ዳር እያሳየች። «እዚህ ጋ ገና ያመኛል።»

የሺመቤት ቦታውን አየችው። ምንም አልቀላም። ቢሆንም ጎንበስ ብላ እፍ አለችላት።