የተያዘ ቦታ

መሐንዲሷ ሳጂዳ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው የእግር መንገድ ዳር፣ አግዳሚ ወንበሮች የሚተከሉባቸውን ቦታዎች በችካል ምልክት ታደርግ ነበር። ሜትሩን የሚይዝላት ባልደረባዋ ጀምበሩ ነው። ረፋድ ላይ ሦስተኛው ቦታ ሲደርሱ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠው አገኙ።

«አባቴ፣ አንዴ ይነሡልን? ልንለካ ነው።»

«ተይዟል» አሏት ሳይዞሩ። «ሂጂ ከዚህ!»

ሳጂዳ ቅር አላት፤ ግን ጠብ አልፈለገችም። ሃምሳ ሜትር ለክተው ወደ አራተኛው ቦታ ሄዱ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማንም አልቀደማቸውም። ሽማግሌው ግን እዚያም ተቀምጠዋል።

ጀምበሩ ሜትሩን ጥሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ሳጂዳ፣ እንመለስ» አላት በሹክሹክታ። «ምን ላይ እንደተቀመጡ አየሽ?»

አየች። ሽማግሌው እግራቸውን አነባብረው፣ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ያለው ሣር ብቻ ነው፤ ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ቀስ ብለው ዞሩና በጥላቻ አፈጠጡባት።

«ለአንቺ ነው የያዝኩት። ቁጭ በይ!»

ልትሮጥ ፈለገች፤ ጉልበቷ ግን ታጠፈ። መሬት ላይ ልዘረጋ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

አልወደቀችም። ጀርባዋን ቀዝቃዛ እንጨት ነካት።