የራሷ ስም

የኮሌጁ ዲን ከስንዱ ወንበር ጀርባ ቆመው ነበር። የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ስንዱ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዙን ጽፋ ጨርሳለች። «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ከተጫነች ዲኑ የተማሪ ውጤት መቀየር የሚችለው ቡድን ውስጥ ይገባሉ፤ የወደቀው የእህታቸው ልጅም ያልፋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣቶቿን አደንዝዟቸው ነበር።

«ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ?» አሏት።

«ስም ላስተካክል ነው።»

የእሳቸውን ስም አጠፋች። እሷ ብቻ ካለችበት የአስተዳዳሪዎች ቡድን የሚያስወጣውን ትእዛዝ ጻፈች፤ አጠገቡ የራሷን ስም። ተጫነችውና ከሲስተሙ ወጣች።

«ገባሁ?»

«አይ ዶክተር፣ እኔ ወጣሁ። ከእንግዲህ ማንንም ማስገባት አልችልም።»

ዲኑ ስልካቸውን አወጡ። «ታዲያ ሌላ ማን ይችላል?»

«አዲስ ሰው እስኪቀጠር፣ ማንም አይችልም» አለችና ጃኬቷን አነሳች።