የጣሪያው ማናፈሻ

በ1979 ዓ.ም. ክረምት ለቴፒው የቡና ማድረቂያ አንድ ትልቅ የአየር ማናፈሻ መጣ። ጣሪያው ላይ የሚገጠም ነው። ከስድስት ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ የታሸገበት የእንጨት ሳጥን ሰው ቆሞ ያስገባል።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ አሰጋሽ ሳጥኑን በሠራተኞቹ ከጭቃው ከፍ አስደርጋ በወፍራም አጣና ላይ አሳረፈችው። በሸራ ሸፈነችው።

«ማንም እንዳይነካው» አለች። «ውሃ ከገባው ሞተሩ አለቀ።»

ሳምንቱን ሙሉ ከሳጥኑ አልራቀችም። ምሳዋን ይዛ የምትመጣው እዚያው ነበር። ምሳው ለሁለት ሰው ይበቃል።

ወሬው ጓድ ሳህሉ ጆሮ ደረሰ። ሳህሉ ከማጂ የተዛወረ አዲስ ካድሬ ነው፤ ገና ሁለት ሳምንቱ። ኪሱ ውስጥ ደብዳቤ አለ፦ የአሰጋሽ ልጅ ታፈሰ ከሰሜን ጦር ግንባር ከድቷል፤ ተፈልጎ ይያዝ።

ሰኞ ጠዋት ከማጂ ያመጣቸውን ሁለት ሚሊሻዎች አስከትሎ መጣ።

«ሳጥኑ ይከፈት።»

«በዝናብ አይከፈትም» አለች።

«ልጅሽን የት ደበቅሽው?»

«ልጄን ከቤቴ የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ። የት እንዳደረሳችሁት እኔ ልጠይቅ እንጂ እናንተ ምን ቆርጧችሁ ትጠይቁኛላችሁ?»

ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ።

ሳህሉ ሳጥኑን በእግሩ መታ። «እንግዲያው አሁኑኑ ወደ ላይ ይጎተት። ሰው ካለበት ይጮኻል።»

አሰጋሽ ከፊቱ ቆመች። «በዚህ ገመድ አይነሳም። ሳስቷል፤ ሰው ይገድላል። ማሰር ከፈለጉ ይኸው እጄ።»

ማናፈሻውን ሊገጥም መጣ የተባለው ቴክኒሺያን፣ ኢሳይያስ የሚሉት፣ ከኋላ ቀረበ።

«ወይዘሮ አሰጋሽ ልክ ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «የሰንሰለት ማንሻውን ላምጣ። ሲነሳም ከስሩ ሰው መቆም የለበትም።»

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?» አሰጋሽ ተቆጣችው። «ወደ ሥራዎ ይሂዱ!»

ሳህሉ ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ፈርታለች። ሚሊሻዎቹን ገፍታ ልትከለክል ብትሞክርም ወደ ጎን ጎተቷት፤ ገመዱን አስረው በጣሪያው መዘውር አሳለፉና ከሠራተኞቹ ጋር ሳቡ። ሳጥኑ ከአጣናው ተነሳ። ከሰው ቁመት በላይ ሲደርስ ሳህሉ ከስሩ ገብቶ ጆሮውን ቀሰረ።

ገመዱ ተንጣጣ።

ኢሳይያስ ዘሎ ካድሬውን በደረቱ ገፋው። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ተንከባለሉ። ሳጥኑ ሳህሉ የቆመበት ቦታ ላይ ወድቆ አንድ ጎኑ ተሰነጠቀ። ውስጡ ብረትና ገለባ ብቻ ነበር።

ሳህሉ ከጭቃው ተነሳ። የቴክኒሺያኑን እጅ ለረጅም ጊዜ ጨበጠ።

«ስምህን ለበላይ አካል አስተላልፋለሁ» አለው። «አብዮቱ የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ነው።»

ወደ አሰጋሽ ዞረ። «ልጅሽን ማሻም ቢሆን፣ ጌጫም ቢሆን አላጣውም።»

«መንገዱ ያው» አለችው።

የካድሬው መኪና ወደ ማሻ ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ ኢሳይያስ ሞተሩ በገለባው መትረፉን አይቶ ሰንሰለቱን አመጣ፤ ሰዉን ሁሉ ከስር አራቀ፤ ማናፈሻውን ስንዝር በስንዝር አንስቶ ጣሪያው ላይ አሳረፈው።

አሰጋሽ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

«እርጥብ ነው» አለች ወደ ላይ። «ቀስ ብለህ ውረድ፣ ታፈሰ ልጄ።»