ከመንገድ ዳር ቀረ

ዘፋኙ ባምላክ ለተበደለ ሁሉ የሚያለቅስ ልብ ነበረው፤ በተለይ ካሜራ ሲደቀንበት።

ዘፈኑን ያገኘው ዳንግላ ገበያ ነው። እህተማርያም የምትባል ድንች ሻጭ መደቧ ላይ ተቀምጣ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ታንጎራጉር ነበር፦

«ስንቱን ተሸክሞ ዳገት ያሻገረ፣
በዱላ ተመቶ ከመንገድ ዳር ቀረ።»

ባምላክ ስልኩን አውጥቶ ቀዳት። «ማን ሞቶብዎት ነው፣ እትዬ?»

«ቤቴን ቀጥ አድርጎ የያዘው ነዋ! ልጆቼን ያስተማረልኝ። አንዱ በጠራራ ፀሐይ ቀጥቅጦ ገደለብኝ። ልከስ ብሄድ ሳቁብኝ።»

ሳቁብኝ! የባምላክ ደም ፈላ። የሟቹን ስም ሊጠይቅ ሲል የእንጅባራው ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ። ደሙ የቱንም ያህል ቢፈላ ሚኒባስ እንዲያመልጠው አልፈለገም።

እንጉርጉሮዋን ዘፍኖ በለቀቀ በወሩ ዘፈኑ የማይሰማበት ባጃጅ ጠፋ። ፌስቡክ ላይ ሟቹ ተማሪ ሆነ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ሐኪምም ሆነ። አንዱ «የኛ ልጅ ነው» ሲል ሌላው «ኧረ የኛ ነው» አለ። ባምላክ ለሁሉም የልብ ምልክት ላከ።

በኋላ አንድ ነገረኛ «ለመሆኑ ሟቹ ማን ነው? ወይስ ሬሳ ፈጥረህ ነው የምታስለቅሰን?» ብሎ ጻፈ። ጥያቄው ከዘፈኑ በላይ ተዛመተ። የባምላክ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ስም ካላመጣ የእንባ ነጋዴ ተብሎ መቅረቱ ነው።

እንጅባራ ላይ ኮንሰርት በሚያቀርብበት ዕለት ማለዳ ዳንግላ ገስግሶ እህተማርያምን መድረክ ወጥታ ሟቹ ማን እንደሆነ እንድትናገር ለመናት።

«እመጣለሁ። ግን ገዳዩንም በስሙ እጠራዋለሁ» አለች። «እኔ የምፈልገው ፍርድ ነው፣ ጭብጨባ ምን ያደርግልኛል?»

ባምላክ ድምፁን ቀነሰ። «የሚፈራ ሰው ነው?»

«ማን ደፍሮ ይናገረዋል? እሱ አፉን ሲከፍት ሰፈሩ ጭጭ ነው።»

ባምላክ ፈራ፤ ደስም አለው። ለእውነት የታሰረ ዘፋኝ እንዴት እንደሚከበር ያውቃል።

እንጅባራ ሜዳው ጢም ብሏል። ሕዝቡ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ያነሳ ጎረምሳ የተሳለበት ካናቴራ ለብሷል። ለሟቹ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። ከፊት የቆሙት ሴቶች ደረታቸውን መቱ።

ባምላክ አንገቱን ደፍቶ ማይኩን ለእህተማርያም አቀበላት። «አይፍሩ እትዬ፣ ይንገሩን! ማንን ነው የገደሉብዎት?»

«የጋሪ ፈረሴን ነዋ!» አለች እህተማርያም። «የገደለውም ተከራይቶ ሲነዳው የነበረው ሽባባው ነው!»