የፍርሃት ካሳ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀረ። ምንጩ ሳሳ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም በውሃ ይጋደል ጀመር። ለምንጭ ጠባቂዎች መርፌው የመጣው ያኔ ነው፤ አድሬናሊን የሚሉት የድንጋጤ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ የፍርሃትን ደጅ ቢያንኳኳ ከፋች እንዳያገኝ የሚያደርግ፣ በየሳምንቱ የሚወጋ መርፌ። ከተወጉት አንዱ ደባሽ፣ በአንድ እንስራ ውሃ ጠብ የይርገዱን ልጅ ገደለው።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ አመጡት። እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ደጇ ላይ ተንበረከከ። ወንድሟ ጠመንጃውን ደግኖ ቆሟል፤ ዕርቁ ከፈረሰ ይተኩሳል። ደባሽ አፈሙዙን እንደ ምርኩዝ አየው።

«እናቴ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ» አለ፤ ድምፁ የጨው ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ይርገዱ ጉልበቱን አየች፤ አይንቀጠቀጥም።

«ድንጋይ መች አጣሁ?» አለች። «ልጄ እየራደ ነው የሞተው። እሱም መርፌውን ትቶ ይምጣ።»

«እመት ይርገዱ፣ ወጉን አድርሷል እኮ» አሉ ሽማግሌው አቶ ሰጠኝ።

የደባሽ ሚስት ሕፃኗን እንዳዘለች ከኋላ ተናገረች። «መርፌውን ይተው። ይህ ልጅ ገደል አፋፍ ሲድህ ቁጭ ብሎ አየው። ከዚያ ወዲህ ከጀርባዬ አውርጄው አላውቅም።»

ሽማግሌዎቹ የወር ቀጠሮ ሰጡ።

በወሩ ደባሽ መርፌውን ትቶ፣ ድንጋዩን በአንገቱ ተሸክሞ መጣ። አፈሙዙን ሲያይ ጉልበቱ ከዳው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«አሁን አወቅኸው?» አለችው ይርገዱ።

«አወቅሁት፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበለኝ።»

ድንጋዩን ከአንገቱ በገዛ እጇ አንስታ መሬት ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ጠመንጃህን አውርድ። የልጄን ካሳ ተቀብያለሁ።»