እፍ የተባለ ሾርባ

ነርሷ እናትየውን ወደ ኮሪደሩ ጠርታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ትምህርት ቤት ከትልቋ ልጅ ጉሮሮ በጥጥ የወሰድነው ናሙና ውጤቱ መጣ። የትንሹን ወንድሟን ልብ የጎዳው የጉሮሮ ባክቴሪያ እሷም ጋ አለ። ምንም ሳያማት ተሸክማው ነው የምትኖረው። ከእሷ ይያዘው ከሌላ ግን ማወቅ አይቻልም።"

እናትየው በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ወንድሟን ሾርባ ትመግበው ነበር። በማንኪያ ትጨልፋለች፣ እፍ ትላለች፣ እንዳያቃጥለው በከንፈሯ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ለእሱ ትሰጠዋለች። እንዲህ ያስለመደቻት ራሷ እናትየው ነበረች። የሚያስል ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ሲመለስ፣ "አንቺ መግቢው፤ አንቺ እንኳን መታመም ማስነጠስም አታውቂም፣ ብረት ነሽ" እያለች።

'ሆድ ይፍጀው' ብላ ገባች። ልጅቷ ማንኪያውን ወደ ከንፈሯ ስታስጠጋ ግን የእናትየው እጅ ቀድሞ ነጠቃት። ሾርባው አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

ልጅቷ ባዶ እጇን አየች፤ ከዚያ በሩ ላይ የቆመችውን ነርስ።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ እንዴ?"

"ኧረ አይደለሽም፣ የኔ ብረት" አለች እናትየው። ማንኪያውን ግን አልመለሰችላትም።

ልጅቷ ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች፤ እንደገና ጠረገች።