የሸረፈዲን ግራ እጅ

«ግራ እጅህን አንሳ» አለ ዶክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ። ሸረፈዲን አላነሳም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ተጋድሟል።

ዶክተሩ ወደ ሚስቱ ወደ ደሄቦ ዞረና ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል። እንዲህ የሆነ ሰው ይትረፍ አይትረፍ የሚገመተው በዕድሜው ነው፤ ሲጠሩት ዓይኑን በመግለጡ፣ በንግግሩ፣ የታዘዘውን በመፈጸሙም ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደህና። ዓይኑን ገልጧል፣ ስሙን ተናግሯል፣ ቀኙን ሲሉት አንስቷል። ግራው ከተነሳ የፈሰሰው ደም ጥቂት ነውና ተስፋ አለ። ካልተነሳ ግን ዘመድ ቢጠራ ይሻላል።

ደሄቦ የባሏን ግራ እጅ አየችው። ጉድ እኮ ነው፣ ያ እጅ ድሮስ መቼ ተነስቶ ያውቃል! አብዮቱ ከፈነዳ ወዲህ የቀበሌው ሰው በየስብሰባው ግራ እጁን ጨብጦ እየሰቀለ «ይውደም!» ሲል፣ ልብስ ሰፊው ሸረፈዲን ትከሻዬ ወልቆ ከጡቴ በላይ አልወጣ አለኝ እያለ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብሏል። ማን እንደሚወድም ሳላውቅ እጄን አላነሳም ይላት ነበር ቤቱ ሲገባ። ቀበሌው አምኖ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጥቶታል። ወረቀቱን የፈረመው ሊቀመንበሩ ጓድ ዋይስ ደግሞ ይኸው፣ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጥቶ አልጋው ግርጌ ቆሟል።

እንግዲህ ባሏ እያስመሰለ ነው ወይስ እጁ እውነት ሞቷል? ቢጋለጥ አድኃሪ ተብሎ መታሰር አለ። ግትርነቱን ደግሞ ታውቀዋለች። ጓድ ዋይስን እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውጭ ጠብቀን ብላ ለመነችው። እሱ ግን ወዳጄን በዚህ ሰዓት ጥዬ አልወጣም ብሎ እንባውን ጠረገ። የሰውየው ደግነት አበገናት።

ዶክተሩ ግራው አይነሳም ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ። ደሄቦ ሻሿን አጠበቀች።

«ጓድ ዋይስ፣ ዋሽተንሃል» አለች። «ወላሂ ትከሻው ደህና ነው። ሲያስመስል ነው የኖረው፣ እኔም አብሬው ዋሽቻለሁ። ከፈለግክ ሁለታችንንም እሰረን።» ከዚያ ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። «ተናግሬያለሁ አቦ። የምትደብቀው የለም። አንሳው።»

መጀመሪያ አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ክርኑ እየተንቀጠቀጠ ተነሳ፤ እጁ ከጡቱ አለፈ፣ ከትከሻው አለፈ፣ ወደ ላይ ቀጥ አለ። ደሄቦ እልልታዋን አቀለጠችው። አጠገቡ የተኛው እግሩ የተሰበረ ሕመምተኛ ምን ተፈጠረ ብሎ ሳይጠይቅ የራሱን ግራ እጅ ጨብጦ ሰቀለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ሰቀለ።

ጓድ ዋይስ የተነሳውን እጅ ትክ ብሎ አየው።

«ሲሻለው» አለ፣ «ረቡዕ ረቡዕ ስብሰባ አለን።»

«ፊት ወንበር ያዝለት» አለች ደሄቦ እያለቀሰች።